የተማሪን ስሕተት አንብቦ ሒሳብን ማስተማር፦ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን የአሠራር መመሪያ

አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ «ሦስት መቶ አራት» የሚለውን ቁጥር በአኃዝ እንዲጽፍ ሲታዘዝ 3004 ብሎ ቢጽፍ፣ አብዛኞቻችን በቀይ እስክሪብቶ የስሕተት ምልክት አድርገንበት ወደሚቀጥለው ደብተር እናልፋለን። ሆኖም የጻፈውን ቀረብ ብለን ብንመረምረው የራሱ ሥርዓት ያለው ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን። ልጁ «ሦስት መቶ» ሲባል 300 ጻፈ፤ «አራት» ሲባል ደግሞ 4ን አስከተለ። የግእዝ አኃዝም የሚጻፈው በዚሁ መንገድ ነው፤ መቶ የራሱ ምልክት ስላለው ቁጥሩ ፫፻፬ ተብሎ ይጻፋል፣ ዜሮም አያስፈልገውም። ልጁ የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ በምንጠቀምበት አጻጻፍ የአንድ አኃዝ ዋጋ የሚወሰነው በቆመበት ቤት መሆኑን ገና አልተረዳም። ይህን ያየ መምህርና «ይህ ልጅ አይገባውም» ብሎ ያለፈ መምህር በማግሥቱ ክፍል ገብተው የሚያስተምሩት ትምህርት ፈጽሞ የተለያየ ይሆናል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ባሉ ትምህርት ቤቶች ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳብ ለሚያስተምሩ መምህራን ነው። የሚጠይቀው ዕቃ ጠመኔ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ አንድ ደብተር፣ የማሽላ አገዳ ወይም ስንደዶ፣ ክርና ያገለገለ ወረቀት ነው። መመሪያው ሁሉ የሚሽከረከረው በአንድ ልማድ ዙሪያ ነው፤ እርሱም የተማሪን ስሕተት እንደ ጽሑፍ ማንበብ ነው። ልጆቹን የሚጠቅመውም፣ መምህሩን በሙያው የሚያሳድገውም ይኸው ልማድ እንደ ሆነ ከብዙ ዓመታት የክፍል ሥራ በኋላ አምኛለሁ።

አንደኛ፦ የስሕተት ደብተር ይክፈቱ

ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ይግዙና ለእያንዳንዱ የትምህርት ርእስ ሦስት ወይም አራት ገጽ ይመድቡ። ገጹን በመስመር ከፍለው አምስት ዓምዶች ያዘጋጁ፦ ቀን፣ የተጠየቀው ጥያቄ፣ ልጁ የጻፈው መልስ፣ ልጁ ስለ አሠራሩ የተናገረው ቃል፣ እርስዎ ያደረጉት ነገር። የልጁን ስም አይጻፉ፤ ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሊዘዋወር ስለሚችል የማንም ልጅ ድክመት በስሙ ተመዝግቦ መቀመጥ የለበትም። ማስታወስ ካስፈለገ የልጁ ተራ ቁጥር በቂ ነው፤ እርሱንም የዓመቱ ትምህርት ሲያልቅ ይሰርዙት።

ሁሉንም ስሕተት ለመመዝገብ አይሞክሩ፤ እንዲህ ያደረገ መምህር በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል። የሚመዘገበው በሦስት ወይም ከዚያ በላይ ልጆች ደብተር ላይ በአንድ ዓይነት መልክ የታየ ስሕተት፣ ወይም አንድ ልጅ ደጋግሞ የሠራው ስሕተት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የልጆችን የመቀነስ ሥራ መርምረው፣ ብዙው ስሕተት በዘፈቀደ የመጣ ሳይሆን ልጁ በታማኝነት የሚከተለው የተሳሳተ ደንብ ውጤት መሆኑን አሳይተዋል። ደንቡን ያገኘ ሰው ልጁ በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ምን ብሎ እንደሚመልስ አስቀድሞ መናገር ይችላል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ አንድ ስሕተት ከጻፉ በኋላ ራስዎን ይፈትኑ፦ «ይህ ልጅ 71 ሲቀነስ 35ን ቢሠራ ስንት ያገኛል?» ብለው መልሱን ይገምቱና በማግሥቱ ጥያቄውን ይስጡት። ግምትዎ ከተሳካ ደንቡን አግኝተዋል፤ ካልተሳካ ልጁን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፦ ልጁን ይጠይቁ፣ ከዚያም ዝም ይበሉ

«ለምን ተሳሳትክ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ልጁ መሳሳቱን አያውቅምና። «እንዴት አድርገህ እንደሠራኸው ንገረኝ» ማለት ይሻላል። ይህንኑ ጥያቄ በትክክል የሠሩትንም ልጆች መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሚጠየቀው የተሳሳተ ብቻ ከሆነ፣ ልጆቹ ጥያቄውን እንደ ስሕተት ማስታወቂያ ቆጥረው መምህሩ ገና አፉን ሲከፍት መልሳቸውን በላጲስ ማጥፋት ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ የአስተዳደጋችንን ጠባይ ማስታወስ ይገባል። በእኛ አካባቢ ጨዋ ልጅ የሚባለው ታላቅ ሲያናግረው አንገቱን ደፍቶ የሚያዳምጥ ነው። ስለዚህ መምህር ከአጠገቡ ቆሞ «አስረዳኝ» ሲለው ዝም የሚለው ልጅ ሐሳብ አጥቶ ላይሆን ይችላል፤ አክብሮቱ ይሆናል አፉን የያዘው። ሁለት መፍትሔዎች ሠርተውልኛል። የመጀመሪያው ዴስኩ አጠገብ ዝቅ ብሎ ወይም ከልጁ ጎን ተቀምጦ፣ ፊቱን ሳይሆን ደብተሩን እያዩ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ልጁ አሠራሩን ለጓደኛው እንዲነግረው አድርጎ ከጎን ማዳመጥ ነው። በሁለቱም መንገድ ከጠየቁ በኋላ በልብዎ ቀስ ብለው እስከ አምስት ይቁጠሩ። አምስት ቆጠራ በክፍል ውስጥ ረጅም ጊዜ መስሎ ይታያል፤ ልጁ ግን ሐሳቡን የሚያዘጋጀው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ 52 ሲቀነስ 28ን 36 እያለች ታመጣ ነበር። ሦስት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ደጋግሜ ሠርቼ አሳየኋት፤ በአራተኛው ቀንም 36 ይዛ መጣች። በመጨረሻ እንዴት እንደሠራችው ስጠይቃት፣ «ቲቸር፣ ከትንሽ ላይ ትልቅ አይቀነስም ብለውን የለ? ስለዚህ ከ8 ላይ 2ን ቀነስኩ» አለችኝ። ደንቡን ያስተማርኳት እኔው ነበርኩ። ሥራ ለማቅለል ብዬ የሰጠሁት አረፍተ ነገር በእርስዋ አእምሮ ሕግ ሆኖ ተቀምጦ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በስሕተት ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ «የማልናገራቸው ደንቦች» የሚል ዝርዝር ይዣለሁ፤ «ከትንሽ ላይ ትልቅ አይቀነስም»፣ «ሲባዛ ይበዛል»፣ «በዐሥር ለማባዛት ከኋላው ዜሮ ጨምር» የሚሉት እዚያ ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ ለጥቂት ወራት ይሠሩና አሉታዊ ቁጥር፣ ክፍልፋይ ወይም አስርዮሽ ሲመጣ ልጁን ይከዱታል።

ሦስተኛ፦ የቁጥር ቤትን በእስር ያስተምሩ

ከታችኛው ክፍል ስሕተቶች የሚበዙት ከአንድ ምንጭ ይፈልቃሉ፤ ዐሥር ነጠላዎች አንድ ዐሥር መሆናቸውንና አንድ ዐሥር መልሶ ወደ ዐሥር ነጠላዎች መፈታቱን ካለመረዳት ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ አይሠሥቱ።

ከመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ ልጆቹ ከየቤታቸው የጣት ርዝመት ያለው የማሽላ አገዳ ወይም ስንደዶ ቆርጠው እንዲያመጡ ይንገሩ። ለስድስት ልጆች ቡድን 120 ፍሬ ይበቃል። ደንገል የሚሰበሰብበት ሰፈር ያሉ ልጆች ደንገል ማምጣት ይቀናቸዋል፤ ነገር ግን ከሐይቁ ዳር ለመቁረጥ ብቻቸውን እንዳይሄዱ አጥብቀው ይንገሯቸው፤ ታንኳ ሠሪዎች የተዉት ቁርጥራጭ ይበቃል። ጣና ዳር ያደገ ልጅ ነጠላው ደንገል ሲታሰር ምን እንደሚሆን በዓይኑ ያውቃል፤ አንድ ዘንግ ሰው አይሸከምም፣ እስሩ ግን ታንኳ ይሆናል። «ዐሥሩን ስናስር አንድ አዲስ ነገር ሆነ» የሚለው ሐሳብ ለእርሱ እንግዳ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ዐሥር ዐሥሩን ቆጥረው በክር ይሰሩ፤ መምህሩ አስሮ ቢሰጣቸው ትምህርቱ ግማሹ ይጠፋል። ከዚያም 52ን በአምስት እስርና በሁለት ነጠላ ያሳዩ። አሁን 28 እንዲያነሡ ይጠይቋቸው። ሁለቱን እስር ያለ ችግር ያነሣሉ፤ ስምንቱ ነጠላ ላይ ሲደርሱ ግን ሁለት ብቻ ስላለ ይቆማሉ። ምንም አይንገሯቸው። ከአንዱ ቡድን አንድ ልጅ «አንዱን እንፍታው» እስኪል ድረስ ይጠብቁ፤ ይህን የሚል ልጅ ያልተገኘበት ክፍል እስካሁን አላጋጠመኝም። እስሩ ተፈትቶ ዐሥራ ሁለት ነጠላ ሲሆን ስምንቱ ይነሣል፣ 24 ይቀራል። ይህን ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ከሠሩ በኋላ አገዳውን በሥዕል ይተኩ፤ እስሩን በቁም መስመር፣ ነጠላውን በነጥብ ማለት ነው። በአኃዝ ብቻ መሥራት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ልጁ በ5 ላይ ሰርዞ 4 ሲጽፍ የተፈታውን እስር እያሰበ ይጽፋል። «ከጎረቤት ተበደር» የሚለውን የተለመደ አባባል አልመክርም፤ ብድር የሚመለስ ነገር ስለሆነ፣ «መቼ እንመልሰዋለን?» ብለው የጠየቁ ልጆች አጋጥመውኛል፣ ጥያቄያቸውም ትክክል ነበር። «እንፍታ» ማለት ይበቃል።

403 ሲቀነስ 157 ላይ ሲደርሱ በዐሥር ቤት ዜሮ ስላለ ልጆች ግራ ይጋባሉ። ለዚህ ያገኘሁት ምርጥ መንገድ 403ን «አራት መቶና ሦስት» ብሎ ከማየት ይልቅ «አርባ እስርና ሦስት ነጠላ» ብሎ ማየት ነው። ከአርባው እስር አንዱ ቢፈታ ሠላሳ ዘጠኝ እስርና ዐሥራ ሦስት ነጠላ ይሆናል። ከዐሥራ ሦስቱ ሰባት ሲነሣ ስድስት፣ ከሠላሳ ዘጠኙ ዐሥራ አምስት ሲነሣ ሃያ አራት፤ መልሱ 246። በዜሮ ላይ ሁለት ጊዜ መሰረዝ ቀረ ማለት ነው።

የአማርኛ የቁጥር ስሞችም እዚህ ይረዳሉ። «ዐሥራ አንድ»፣ «ዐሥራ ሁለት» ሲባል ዐሥሩና ነጠላው በግልጽ ይሰማሉ። ከሃያ በኋላ ግን ስሙ የእስሩን ብዛት ይሸፍነዋል፤ ልጁ «ሃምሳ» ሲባል አምስት ዐሥር መሆኑን በጆሮው ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል 52ን «አምስት ዐሥር ከሁለት» ብለው ያስጠሩ፤ ቀጥሎም አራትና አርባ፣ አምስትና ሃምሳ፣ ሰባትና ሰባ፣ ዘጠኝና ዘጠና ዝምድና እንዳላቸው ልጆቹ ራሳቸው እንዲያገኙት ያድርጉ። በእኔ ክፍል ይህ ቀን ሁልጊዜ የደስታ ቀን ነው።

አራተኛ፦ የቃላት ፕሮብሌምን በአማርኛው ባሕርይ ያንብቡ

ልጆች ስሌቱን እያወቁ በጽሑፍ ከቀረበ ጥያቄ ፊት ሲወድቁ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቋንቋው ነው። አማርኛ ግሱን የሚያመጣው በመጨረሻ ነው። «አንድ አሣ አጥማጅ ጠዋት ካጠመዳቸው 45 ቆሮሶዎች 18ቱን ለነጋዴ…» ተብሎ ሲነበብ፣ ሸጠ ይሁን ሰጠ ገና አልታወቀም። ቸኩሎ ሁለቱን ቁጥሮች የያዘ ልጅ ግሱ ከመድረሱ በፊት መደመር ጀምሯል። «28ን ከ52 ቀንስ» የሚለው ትእዛዝም እንዲሁ ነው፤ የተሰማው በመጀመሪያ 28 ስለሆነ ልጁ 28ን ከላይ፣ 52ን ከታች ይጽፋል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ንባብ ልጆቹ እርሳሳቸውን ያስቀምጡ። ጥያቄውን አንድ ልጅ ጮክ ብሎ እስከ አራት ነጥብ ያንብብ። ደብተር ተዘግቶ ሌላ ልጅ ታሪኩን ያለ ቁጥር ይናገር፦ «አሣ አጥምዶ ነበር፣ ጥቂቱን ሸጠ፣ የቀረውን ነው የሚጠይቀን።» በሁለተኛው ንባብ ቁጥሮቹ ይያዙና ሥዕል ይሣል። ስሌቱ የሚመረጠው በመጨረሻ ነው።

አንዳንድ መምህራን «ይበልጣል ካለ ደምር፣ ይቀራል ካለ ቀንስ» የሚል አቋራጭ ያስተምራሉ። አቋራጩን ለመፈተን ይህን ጥያቄ ይስጡ፦ «የሰላም አባት 24 ቆሮሶ አጠመዱ። ይህም የአልማዝ አባት ካጠመዱት በ6 ይበልጣል። የአልማዝ አባት ስንት አጠመዱ?» «ይበልጣል» የሚለውን ቃል ያየ ልጅ 30 ይላል፤ ታሪኩን የተከተለ ልጅ 18 ይላል። ሁለቱን መልሶች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፈው፣ የትኛው እንደሆነ ሳይናገሩ፣ ክፍሉ በሥዕል እንዲከራከርበት ያድርጉ።

አምስተኛ፦ ክፍልፋይን ከግማሽ፣ ከሲሶና ከእርቦ ይጀምሩ

ልጆች አንድ ስምንተኛ ከአንድ አራተኛ ይበልጣል የሚሉት 8 ከ4 ስለሚበልጥ ነው። ይህን ለማረም ላዕልና ታሕት የሚሉትን ስሞች ከማስተዋወቅ በፊት፣ በቤታቸው የሚሰሟቸውን ግማሽ፣ ሲሶና እርቦ የሚሉትን ቃላት ይጠቀሙ። መሬት በእኩል ወይም በሲሶ ሲታረስ የሰማ የገበሬ ልጅ፣ ሲሶ የሚደርሰው ሰው እኩል ከሚደርሰው ያነሰ እንደሚወስድ ያውቃል። እንጀራና ድፎ ዳቦ ጥሩ ምሳሌዎች ቢሆኑም ክብ ነገርን ለሦስት እኩል መክፈል ለልጅ እጅ አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ ወዲያው ወደ ወረቀት ቅዳጅ ይለፉ። ርዝመታቸው እኩል የሆኑ ቅዳጆች ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለስድስትና ለስምንት ታጥፈው አንዱ በአንዱ ሥር ሲደረደሩ ንጽጽሩ በዓይን ይታያል።

ግማሽ ሲደመር ሲሶ ስንት ነው ሲባል ሁለት አምስተኛ የሚል ልጅ ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሮ ነው። «ተሳስተሃል» ከማለት ይልቅ «ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለው ይጠይቁት። ቅዳጁን ሲያስተያይ እንደሚያንስ ያገኛል። ግማሽ ዳቦ ይዞ ሌላ ተጨምሮለት ከግማሽ ያነሰ ዳቦ ሊይዝ እንደማይችል ሲገነዘብ መልሱን ራሱ ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ ግማሹን በሦስት ስድስተኛ፣ ሲሶውን በሁለት ስድስተኛ ቅዳጅ መተካትና አምስት ስድስተኛ ላይ መድረስ ቀላል ነው።

ስድስተኛ፦ ልኬትን ወደ ሐይቁና ወደ ሰዓቱ ይውሰዱ

ለጊዜ ስሌት ይህ ጥያቄ ይበቃል፦ «ጀልባው ከባሕር ዳር ከጠዋቱ 2፡40 ተነሥቶ 3፡25 ዘጌ ደረሰ። ስንት ደቂቃ ተጓዘ?» ብዙ ልጆች 85 ይላሉ፤ ምክንያቱም 325 ሲቀነስ 240 ብለው ስለሚሠሩ አንዱን ሰዓት እንደ መቶ ፈትተውታል። ቀደም ሲል እስር ፈትቶ የተማረ ልጅ «የሰዓት እስር ስንት ነው?» ሲባል ስልሳ መሆኑን አስታውሶ 45 ላይ ይደርሳል።

ለስድስተኛ ክፍል የስፋት ትምህርት ደግሞ ከጣና የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ሐይቁ በረጅሙ 84፣ በሰፊው 66 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሆን ይንገሯቸውና ስፋቱን እንዲያሰሉ ይጠይቋቸው። ልጆቹ ርዝመትን በወርድ አባዝተው 5,544 ካሬ ኪሎ ሜትር ይላሉ። ትክክለኛው ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይርቅ መሆኑን ሲነግሯቸው ይደነግጣሉ፤ ማባዛታቸው ግን አልተሳሳተም። የት ላይ እንደሆነ እንዲፈልጉ አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጧቸው። የሐይቁን ካርታ በቀጭን ወረቀት ገልብጠው፣ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ኪሎ ሜትር በሆነ የካሬ መረብ ላይ ያስቀምጡት፤ አንዱ ካሬ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሙሉዎቹን ካሬዎች ይቁጠሩ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ የተሞሉትን እንደ አንድ ይያዙ፤ ከግማሽ በታች የሆኑትን ይተዉ። ቡድኖቹ የተለያየ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ፤ ልዩነቱ ራሱ ስለ ግምት ለመነጋገር ጥሩ አጋጣሚ ነው። ርዝመት በወርድ የሚባዛው ለሬክታንግል መሆኑን ከዚህ በኋላ ማስታወስ አያስፈልጋቸውም።

ሰባተኛ፦ ስልሳ ደብተር ሳያርሙ ስልሳ ልጆችን ይወቁ

በአንድ ክፍል ስልሳ ልጆች ሲኖሩ የእያንዳንዱን ደብተር በየቀኑ ማረም አይቻልም። በምትኩ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ሰሌዳው ላይ ይጻፉ። ልጆቹ የደብተር ቅጠል ሩብ በምታህል ወረቀት ላይ መልሱንና አሠራሩን ጽፈው ሲወጡ ይስጡዎት። በእረፍት ሰዓት ወረቀቶቹን በሦስት ክምር ይለዩዋቸው፦ የገባቸው፣ በአንድ ዓይነት መንገድ የተሳሳቱ፣ ሌሎች። ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ከመካከለኛው ክምር አንዱን ወስደው በስሕተት ደብተርዎ ላይ ይገልብጡ፤ የነገው ትምህርት የመጀመሪያ ዐሥር ደቂቃም በእርሱ ይጀምር።

ዋናው ብልሃት ያለው በቁጥሮቹ ምርጫ ላይ ነው፤ ብዙ መምህራንም የሚያልፉት ይህንኑ ነው። ጥሩ ጥያቄ የሚባለው፣ በተሳሳተ ሐሳብ የሠራ ልጅ በትክክል ከሠራው ልጅ የተለየ መልስ እንዲያገኝ የሚያስገድድ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ አስርዮሽን ለማነጻጸር 0.45ና 0.3ን ቢሰጡ፣ «45 ከ3 ይበልጣል» ብሎ የሚያስበው ልጅም 0.45ን መርጦ ልክ ይሆናል፤ እርስዎም ገብቶታል ብለው ያልፋሉ። 0.25ና 0.3ን ቢሰጡ ግን ያው ልጅ 0.25ን ይመርጥና ሐሳቡን ይገልጥልዎታል። እንዲሁም 58 ሲቀነስ 22 ምንም አይነግርዎትም፣ 52 ሲቀነስ 28 ግን ሁሉን ይነግርዎታል። የእኩል ምልክትን «መልሱ ይኸውና» ማለት ነው ብለው የሚያስቡትን ለመለየት ደግሞ «8 ሲደመር 4 እኩል ይሆናል ባዶ ቦታ ሲደመር 5» የሚለውን ይስጡ። 7 የሚሉት ምልክቱ ሚዛን መሆኑን ያውቃሉ፤ 12 የሚሉት ከባዶው ቦታ በኋላ ያለውን አላዩም፤ 17 የሚሉት ያገኙትን ቁጥር ሁሉ ደምረዋል። እነዚህ ሦስት መልሶች ሦስት የተለያዩ ልጆች ናቸው፣ የሚያስፈልጋቸውም ሦስት የተለያየ ትምህርት ነው።

የገባቸው ልጆች ክምር እንዳይረሳ። ለእነርሱ ብዙ ተመሳሳይ ጥያቄ ከመስጠት ይልቅ «ሌላ ሰው ሊሳሳትበት የሚችል ጥያቄ ፍጠሩ» ብለው ይዘዟቸው።

ስምንተኛ፦ ደብተሩን ይዘው ከባልደረባ ጋር ይሥሩ

የትምህርት ተመራማሪው ሊ ሹልማን በ1986 እ.ኤ.አ. እንዳስገነዘቡት፣ መምህር የሚያስፈልገው እውቀት ከሒሳብ ሊቅ እውቀትም፣ ከአጠቃላይ የማስተማር ዘዴም የተለየ ነው፤ የትኛው ርእስ ለልጅ ለምን እንደሚከብደውና በምን ምሳሌ እንደሚቀልለት ማወቅ የመምህር ብቻ የሆነ እውቀት ነው። ባሕር ዳር ለዚህ ሐሳብ ባዕድ አይደለችም። ዛሬ ከተማው ሁሉ «ፔዳ» እያለ የሚጠራው ግቢ ስሙን ያገኘው፣ በ1972 እ.ኤ.አ. ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ባለሙያዎችን ለማፍራት ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የአንድ ክፍል ደረጃ የሚያስተምሩ ሦስት ወይም አራት መምህራን በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ የስሕተት ደብተሮቻቸውን ይዘው ይሰብሰቡ። በሁሉም ደብተር ላይ የታየ አንድ ስሕተት ይምረጡና ለእርሱ አንድ የጋራ ትምህርት ያዘጋጁ። ከመካከላቸው አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ክፍል ገብተው ይከታተሉ። ይህ ጃፓናውያን ለረጅም ዘመን የኖሩበት ዘዴ ሲሆን ቁም ነገሩ የሚታየው ነገር ላይ ነው፦ ተመልካቾቹ የሚመለከቱት መምህሩን ሳይሆን ልጆቹን ነው። እያንዳንዱ ተመልካች አራት ልጆች ተመድበውለት እነርሱ ምን እንደጻፉ፣ ምን እንደሰረዙ፣ ምን እንደተባባሉ ብቻ ይመዝግብ። በውይይቱ ላይ «ድምፅዎ ጥሩ ነበር»፣ «ሰሌዳ አጠቃቀምዎ ይሻሻል» የሚሉ አስተያየቶች አይነሡ። «ሦስተኛው ዴስክ ላይ ያለችው ልጅ እስሩን ከፈታች በኋላ ዐሥሩን መልሳ ቆጠረች» የሚለው ምልከታ ከመቶ ምስጋና ይበልጣል። ባልደረባን በዚህ ዓይን ማየት ፍርሃቱን ያበርደዋል፤ የሚገመገመው ሰው ስለሌለ ማንም በሩን ለመዝጋት ምክንያት አይኖረውም።

በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ከመምህር በዓመት የሚጠበቀው ቢያንስ 60 ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት ብዙ ጊዜ ፎርም በመሙላት እንደሚያልቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ በልቤም የሚያሳዝነኝ ጉዳይ ነው። የስሕተት ደብተሩ፣ የጋራ ትምህርቱ ዕቅድና የተመልካቾቹ ማስታወሻ ተያይዘው ሲቀርቡ ማንኛውም ሱፐርቫይዘር የሚቀበለው ማኅደረ ተግባር ይሆናሉ፤ ለተግባራዊ ምርምርም ጥሬ መረጃው ተዘጋጅቶ ተገኘ ማለት ነው። ከሥራው ውጭ ሌላ ወረቀት መጻፍ አያስፈልግም።

ከዚህ ጎን ለጎን መምህሩ ራሱ ሒሳብ መሥራቱን አያቋርጥ። ከሚያስተምረው ክፍል ሁለት ደረጃ ከፍ ካለው መጽሐፍ በሳምንት ሦስት ጥያቄ ይሥራ፤ የሦስተኛ ክፍል መምህር የአምስተኛውን፣ የስድስተኛው መምህር የስምንተኛውን። ዛሬ የሰጠነው አቋራጭ ነገ የት ላይ እንደሚሰበር የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ዘጠነኛ፦ ደብተሩን ያስረክቡ

በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት፣ የተማሪዎች ውጤት ተሞልቶ ካለቀ በኋላ፣ የእርስዎን ልጆች በመስከረም ከሚረከበው መምህር ጋር አንድ ሰዓት ይቀመጡ። ሮስተሩ ማን 60፣ ማን 85 እንዳመጣ ይናገራል፤ 60 ያመጣው ልጅ ያላወቀው ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ ከስሕተት ደብተሩ ሁለት ገጽ ይገልብጡ፦ በመጀመሪያው ላይ ዓመቱን ሙሉ ተሠርቶባቸው የተስተካከሉ ስሕተቶችን ከነመፍትሔያቸው፣ በሁለተኛው ላይ ገና ያልተፈቱትን ይጻፉ። የታሰሩትን አገዳዎችም በካርቶን አድርገው አብረው ይስጡ። በክረምቱ ዝናብ እንዳይሻግቱ ካርቶኑ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ግድግዳ ሳይነካ ይቀመጥ፤ የላሉት ክሮች በመስከረም ቢጠብቁ ይበቃል።